ተጨማሪ መረጃ፦ የተቋረጠ የዘር ሐረግ ፍለጋ

ሰዎች የዘር ሐረጋቸውን አጥብቀው የሚፈልጉት ብዙ ጊዜ ሐረጉ ሲቋረጥባቸው ነው። የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክ ይህን በግልጽ ያሳያል። በ1850 እና በ1860 እ.ኤ.አ. በተካሄዱት የአሜሪካ ቆጠራዎች በባርነት የተያዙ ሰዎች በጌቶቻቸው ስም ሥር በዕድሜ፣ በፆታና በቆዳ ቀለም ተመዘገቡ፤ ከጥቂቶች በቀር የራሳቸው ስም አልተጻፈም። አብዛኞቹ በስማቸው የተቆጠሩት ባርነት ከቀረ በኋላ፣ በ1870 ነው። ስለዚህ ዛሬ ቅድመ አያቶቹን የሚፈልግ ሰው እዚያ ዓመት ላይ ሲደርስ መንገዱ ይዘጋበታል። ከዚያ አልፎ ለመሄድ የጌቶችን ኑዛዜና የሽያጭ ውል፣ ማለትም ሰው እንደ ንብረት የተቆጠረባቸውን ወረቀቶች፣ ማገላበጥ ግድ ይለዋል። ሐዘኑ የከበደ ሥራ ነው።

በ1976 የታተመው የአሌክስ ሄሊ መጽሐፍ «ሩትስ» እና በ1977 ከእሱ ተወስዶ የቀረበው የቴሌቪዥን ድራማ ፍለጋውን በየቤቱ አስገቡት። ሄሊ በመጽሐፉ ያቀረበውን የራሱን ቤተሰብ የትውልድ መስመር የታሪክ ባለሙያዎች በኋላ ቢሞግቱትም፣ መጽሐፉ የቀሰቀሰው ፍላጎት አልበረደም። ከ2000ዎቹ ወዲህ የዲኤንኤ ምርመራ ተጨምሯል፤ ሆኖም ምርመራው ከዛሬ ሕዝቦች ጋር ያለውን ዝምድና በግምት ያመለክታል እንጂ የቅድመ አያትን ስም በራሱ አይነግርም።

በስደተኛ ቤተሰቦች ዘንድ ምክንያቱ ይለያል። ታሪክ ጸሐፊው ማርከስ ሊ ሃንሰን በ1930ዎቹ እንዳመለከተው፣ የስደተኛ ልጆች ከአገሬው ለመመሳሰል ሲሉ የወላጆቻቸውን ባህል ይሸሻሉ፤ ኑሮው የተደላደለለትና በማንነቱ የማይሸማቀቀው የልጅ ልጅ መልሶ ይፈልገዋል።