የመውደቅ ዋጋ

በሎስ አንጀለስ ትንሿ ኢትዮጵያ፣ በፌርፋክስ ጎዳና፣ በረዶ ብርቅ ነው፤ ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ግን፣ በአርቫይን ከተማ፣ የፊገር ስኬቲንግ ከዋክብት ይሠለጥናሉ። ናታን ቼን እ.ኤ.አ. በ2022 በቤይጂንግ ኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀው በደቡብ ካሊፎርኒያ ሠልጥኖ ነው። ከዚያ ውድድር ይበልጥ የሚያስተምረን ግን የጃፓናዊው ዩዙሩ ሃንዩ መውደቅ ነው። ሃንዩ የሞከረው አክስል የተባለውን ዝላይ በአራት ዙር ነበር። ሌሎቹ ዝላዮች ወደ ኋላ እየተንሸራተቱ ሲነሡ አክስል ወደ ፊት ስለሚነሣ ተጨማሪ ግማሽ ዙር፣ በጠቅላላው አራት ተኩል፣ ይጠይቃል። ሃንዩ ወደቀ፤ አራተኛም ወጣ። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር የ17 ዓመቱ አሜሪካዊ ኢሊያ ማሊኒን ዝላዩን በውድድር ላይ አሳካው፤ ሃንዩ እንዳነሣሣውም ተናግሯል።

እንዲህ ያለው ሙከራ አካል ይጎዳል፣ ውበትንም ይሸፍናል የሚሉ አሉ። የጉዳቱ ሥጋት እውነት ነው፤ መልሱ ግን ጥንቃቄ ያለው ሥልጠና እንጂ ክልከላ አይደለም። ለምሳሌ በዚሁ ስፖርት ለአሥርት ዓመታት ታግዶ የኖረው የኋልዮሽ ግልብጥ እ.ኤ.አ. በ2024 ተፈቅዷል። ለውበቱም ቢሆን ዳኞች ለአቀራረብና ለቅንብር ራሱን የቻለ ነጥብ ይሰጣሉ። ስለዚህ አዲስ ነገር የሞከረን ስፖርተኛ በውጤቱ ብቻ አንመዝነው፤ የመጀመሪያው ሙከራ ባይሳካም ለተከታዩ መንገድ ይከፍታልና።