የሩርኬላ ሙክት እና የእንጅባራ ፈረስ

ጥር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. በህንዷ ቡባኔስዋር ከተማ የወንዶች የሜዳ ሆኪ ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ነው። ቤልጂየም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች 2 ለ 0 መራች። ያኔ "አለቀ" ያለ ሰው ጀርመንን አያውቅም! የእግር ኳሷን ጀርመን የምታውቁ የሆኪዋም ያው እንደሆነች ትገምታላችሁ። ሁለቱንም መለሱ፣ 3 ለ 2 መሩ፣ ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት አቻ ተቆጠረባቸው። በመጨረሻ በመለያ ምት 5 ለ 4 አሸንፈው ለ3ኛ ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ።

የሆኪ መለያ ምት ደግሞ እንደኛ ኳስ አስቀምጦ መምታት አይደለም። ተጫዋቹ ከ23 ሜትር መስመር ኳሷን እየነዳ ይነሳል። በረኛውን አታሎ ጎል ለማስገባት ያለው ጊዜ 8 ሰከንድ ብቻ ነው። በመደበኛው ጨዋታም ቢሆን ጉድ አለ። 11 ለ 11 ነው፣ በረኛ አለ፣ ጎል አለ፣ ኦፍሳይድ ግን የለም! የመስመር ዳኛ ላይ መጮህ ለለመደ ደጋፊ ትንሽ ይከብዳል።

የኔ ወሬ ግን ስለ ፍጻሜው አይደለም። ውድድሩን ያስተናገዱት ሁለት ከተሞች ነበሩ፤ ሁለተኛዋ ሩርኬላ ትባላለች። ለገና ተጫዋች ስሟ ራሱ ደስ ይላል፤ ሩር የገና ኳስ ነችና።

ሩርኬላ ያለችው ሱንዳርጋር በሚባል አውራጃ ውስጥ ነው። አካባቢው ነባር ጎሳዎች የሚበዙበት ገጠር ነው። እዚያ ልጆች ከቀርከሃ ዱላ ቆርጠው በባዶ እግራቸው ሆኪ ሲጫወቱ ያድጋሉ። መንደር ከመንደር ይገጥማል። ለአሸናፊው የሚሰጠው ዋንጫ እንዳይመስላችሁ። ሙክት ፍየል ነው! ያሸነፈ ሙክቱን ጎትቶ ወደ መንደሩ ይገባል።

ቀልድ ይመስላል፤ ግን ከዚህ አውራጃ የወጣው ዲሊፕ ቲርኪ የህንድ ብሔራዊ ቡድን አምበል ሆኖ፣ ለአገሩ ከ400 በላይ ጨዋታ ተጫውቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የህንድ ሆኪ ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። የአካባቢው ልጅ አሚት ሮሂዳስም በቶኪዮና በፓሪስ ኦሊምፒክ የነሐስ ሜዳልያ አጥልቋል። ለ2015ቱ የዓለም ዋንጫ ሩርኬላ ላይ ከ20 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ የሆኪ ስታዲየም ተሰራ። ስሙም እንግሊዞችን በታገለው የነባር ጎሳዎች መሪ በቢርሳ ሙንዳ ተሰየመ። ሙክቱ ዓለም ዋንጫን ጎትቶ አመጣ ማለት ነው።

እስቲ አሁን ወደ አገራችን፣ ወደ አዊ ዞን እንምጣ። ቀርከሃ ካላችሁ የእንጅባራ ደጋ ቀርከሃ አብቃይ ነው፤ ወንበርና ጠረጴዛ ይሰራበታል። ጨዋታው ካላችሁ ጎጃምን ጨምሮ በሰሜኑ ገጠር ጫፉ በጎበጠ ዱላ ሩር መምታት የገና በዓል ወግ ነው። በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፋል፣ የተሸነፈ በዘፈን ይሰደባል፣ የሚቆጣ የለም።

መደራጀት ካላችሁም አዊ ለሌላው ያስተምራል። ከዚያ የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሁለት ቀን ቆይቶ የሚውለው ጥር 23 በእንጅባራ የፈረሰኞች ቀን ነው። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሰረተው አድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ለማሰብ ነው። ዛሬ አባላቱ በአስር ሺዎች ይቆጠራሉ። ፈረሶቹ አጊጠው ይወጣሉ፣ ጉግሱ ይደምቃል። ባህል ቀን ተቆርጦለት፣ አባል ተመዝግቦለት፣ ተመልካች ሲያገኝ እንዴት እንደሚኖር ማየት የፈለገ እንጅባራ ይሂድ።

ገና ግን እንዲህ አልታደለም። የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ከገበጣ፣ ከትግልና ከፈረስ ጉግስ ጋር ደንብ አውጥቶለት በአገር አቀፍ ውድድር ያጫውተዋል። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። በዓሉ ሲያልፍ ግን ዱላው ጣራ ስር ይሰቀላል። እኛም የአርሰናልን ተቀያሪ ወንበር በቃላችን እየዘረዘርን "ሩር ምንድን ናት?" ብንባል የምንንተባተብ ብዙ ነን።

"ሆኪ የሀብታም ስፖርት ነው፣ ሰው ሰራሽ ሣር ይፈልጋል" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። ከ1976ቱ የሞንትሪያል ኦሊምፒክ ወዲህ ትልልቁ ውድድር በሰው ሰራሽ ሜዳ ነው፤ እነ ህንድን ራሳቸውን ጎድቷቸዋል። ግን ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1971 ባርሴሎና ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው ዓለም ዋንጫ 4ኛ ወጥታለች! ያኔ ከምስራቅ አፍሪካ ሄዶ ከዓለም አራተኛ መሆን ይቻል ነበር። እኛ ዱላና ኳስ ከጥንት ይዘን እዚያ በር ላይ አልቆምንም።

ነገ ዓለም ዋንጫ እንግባ የሚል የለም። ስታዲየሙም ይቆይ። ሱንዳርጋር የጀመረችው በስታዲየም ሳይሆን በሙክት ነው። በገና ሰሞን እንጅባራና ዳንግላ ይግጠሙ፣ ሜዳው ሣር ይሁን፣ ዳኛ ይኑር፣ ውጤቱ ይመዝገብ፣ በዓመቱ ደግሞ የመልሱ ጨዋታ ይኑር። ሙክት እንደሆነ ለገና መገዛቱ አይቀርም፤ ያሸነፈ ይውሰደው።