የቱቦ መጋጠሚያ መፍቻ መግዛት ያስፈልጋልን?

የመስኖ ማኅበራት ለውኃ መሳቢያ ሞተራቸው ልዩ የቱቦ መፍቻ ከመግዛታቸው በፊት የመጋጠሚያውን ዓይነት እንዲመለከቱ እንመክራለን።

በእጀታ የሚቆለፍ መጋጠሚያ መፍቻ አያሻውም። ጆሮ ያለውና በጥርስ የሚጠብቀው ግን ውኃ በሚስበው ቱቦ በኩል ከላላ አየር ያስገባል፤ ሞተሩ እየሠራ ውኃው ይቋረጣል፤ ችግኙም ይጠማል። መዶሻ ጆሮውን ይሰብራል፤ የቧንቧ መፍቻም የአሉሚኒየም ቀለበቱን ያጣምማል። ልዩው መፍቻ ጆሮውን በልክ ስለሚይዝ ይህን ጉዳት ያስቀራል።

ስለዚህ ሞተሩን ከማሳ ማሳ የሚያዛውር ማኅበር ለየሞተሩ አንድ መፍቻ ቢገዛ ይጠቀማል። ቱቦው ተገጥሞ የሚቆይ ከሆነ ግን ገንዘቡ ለመለዋወጫ ጎሚኒ ቢውል ይሻላል። አየርና ውኃ የሚያግደው ጎሚኒው እንጂ የክንድ ጉልበት አይደለምና፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞች አስቀድመው ጎሚኒው አለመድረቁንና አለመሰንጠቁን ያረጋግጡ።