መኪና ገጭቷችሁ ነበር? «ጨርሻለሁ» ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት



በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ መኪና ገጭቶኝ ነበር፤ ጠበቃ ልያዝ ወይስ በሽማግሌ ይለቅ?» እኔ ሐኪም እንጂ የሕግ ሰው አይደለሁም። ግን የጥያቄው ግማሽ የሕክምና ነው።

ከወረታ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ ሰው ሲጎዳ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ተጎጂው ገና አልጋ ላይ እያለ የሹፌሩ ወገኖች ሽማግሌ ይዘው ይመጣሉ። ሽምግልናውን አልነቅፍም፤ ቂም ያበርዳል፣ ለዛሬ መድኃኒትም ገንዘብ ያስገኛል። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው። «ሙሉ ካሳዬን ተቀብያለሁ፣ ከእንግዲህ ጥያቄ የለኝም» ብላችሁ ከፈረማችሁ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 3312 መሠረት ስምምነቱ ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ ይቆጠራል።

ሰውነት ደግሞ እንደ ሽማግሌ ቶሎ አይጨርስም። የቅልጥም ስብራት ለመግጠም ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዱ ሳይገጥም ይቀርና ሌላ ኦፕራሲዮን ይጠይቃል። ዳሌው ወልቆ የተመለሰለት ሰው መጀመሪያ ደህና ይራመድ ይሆናል፤ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ የአጥንቱ ራስ ደም አጥቶ ይሞትና ማነከስ ይጀምራል። ጭንቅላታቸውን የተመቱ አዛውንት «ደህና ነኝ» ብለው ቤታቸው ይገባሉ፤ ከሳምንታት በኋላ ራስ ምታትና መዘባረቅ ሲመጣ ቀስ ብሎ የተጠራቀመ ደም ይገኝባቸዋል። በሦስተኛው ቀን የተቆረጠ ካሳ ይህን ሁሉ ከየት ያውቃል?

ቁስሉ ድኖ፣ ወጪው ተከፍሎት ወደ ሥራው የተመለሰ ሰው ጠበቃ አያስፈልገውም ባይ ነኝ። ስብራት፣ የጭንቅላት፣ የአከርካሪ ወይም የዓይን ጉዳት ካለ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው ከሞተ፣ ወይም «እዚህ ላይ ፈርሙ» ከተባላችሁ ግን ቀድማችሁ ጠበቃ አማክሩ። ገንዘብ ለሌለው የባሕር ዳርና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

ብዙ ሰው «ሹፌሩ ከተፈታ በቃ፣ ቀረ» ይላል። አይደለም። በቁጥር 2081 መሠረት የመኪናው ባለቤት ራሱ ባያጠፋም ተጠያቂ ነው፤ ጥፋቱ ሙሉ በሙሉ የተጎጂው ካልሆነ በቀር። ክስ የሚቀርበው በ2 ዓመት ውስጥ ነው። የወንጀል ጉዳይ ሲኖር ሊረዝም ይችላል፣ እናንተ ግን 2 ዓመት ብላችሁ ያዙት።

የሦስተኛ ወገን መድንም አለ። በ2005 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ለተጎጂው እስከ 2,000 ብር ነፃ የድንገተኛ ሕክምና ፈቅዶ ነበር፤ ገጭቶ ያመለጠ መኪና ሲሆንም የመድን ፈንዱ እንዲክስ ደንግጓል። 2,000 ብር ለአንድ ስብራት ምን እንደምታደርግ እናንተው ፍረዱ።

ከእኛ ከሐኪሞች የምትፈልጉት ማስረጃ ነው። በመጀመሪያው ቀን «መኪና ነው የገጨኝ» በሉ፣ ካርዱ ላይ ይጻፍ። መጀመሪያ ወጌሻ ጋ የሄደ ሰው የዚያን ቀን መዝገብ የለውም። (ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ጠቁሮ የሚመጣው እግር ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይፈልጋል።) የኤክስሬይ ፊልሙን፣ የመድኃኒት ደረሰኙን፣ ባሕር ዳር ሪፈር ስትባሉ የከፈላችሁትን ትራንስፖርት ሳይቀር አስቀምጡ። የአካል ጉዳት መጠን በፐርሰንት የሚወሰነው በሐኪሞች ቦርድ ነው፤ እሱም ሕክምናው ሲያልቅ እንጂ ገና ጀሶ ላይ ሆናችሁ አይደለም።

ቀድማችሁ የፈረማችሁ ካላችሁም ወረቀቱን ለጠበቃ አሳዩት። «ለሕክምና ወጪ» ብቻ የሚል ከሆነ የቀረው ካሳ ገና ክፍት ሊሆን ይችላል።