ተጨማሪ መረጃ፦ መካነ ሥላሴ

የቦረና ወረዳዋን መካነ ሰላም ታውቋት ይሆናል፤ በስም የሚመሳሰላት አንድ የጠፋ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ መካነ ሥላሴ። በቤተ አምሓራ፣ ማለትም በዛሬው ደቡብ ወሎ አካባቢ፣ ዐፄ ናኦድ አስጀምረውት ልጃቸው ዐፄ ልብነ ድንግል አስፈጸሙት። በ1531 እ.ኤ.አ. የኢማም አሕመድ ጦር ሲደርስ ውስጡ በወርቅና በብር ተለብጦ ነበር። የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ እንደሚለው፣ ኢማሙ አብረዋቸው የነበሩትን ዐረቦች በሮምም በሕንድም እንዲህ ያለ አይታችሁ ታውቃላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። አይተንም ሰምተንም አናውቅም አሏቸው። ያ ሁሉ ጥበብ በእሳት ጠፋ፤ ያሳዝናል።

ከእንዲህ ያለ ጥፋት የተረፈ ነገር ሊኖር ስለሚችል፣ በገጠር ጥንታዊ ደብር ስትጎበኙ ጫማችሁን አውልቁ፣ ካህናቱን አስፈቅዱ፤ የቅጽሩን ካብም በእርጋታ ተመልከቱ። ከሻካራው የመስክ ድንጋይ መካከል ለስልሶ የተጠረበ ካገኛችሁ አትንቀሉት። ከቀድሞ ሕንጻ የተረፈ ሊሆን ይችላል።