ቦሌ ሁለተኛ በሚሆንበት ጊዜ

ባለፈው ክረምት አክስቴ ለሕክምና ከጎንደር መጡና እኔ ልቀበላቸው ወደ ቦሌ ሄድኩ። አይሮፕላኑ ከጎንደር ቦሌ ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከቦሌ እኛ ቤት ለመድረስ ግን፥ ቀኑ ዓርብ፥ ጊዜውም ወደ ማታ ስለ ነበረ፥ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ታክሲ ውስጥ ቈየን። አክስቴም፥ «ልጄ፥ ጎንደርስ ቅርብ ኖሯል፤ ሩቁ የእናንተ ሰፈር ነው» አሉኝ። ነገሩ ለሣቅ የተባለ ቢሆንም ከልቤ አልወጣ ስላለ ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ተነሣሣሁ።

እንደሚታወቀው በቢሾፍቱ አቅራቢያ የአዲሱ ትልቅ የአይሮፕላን ማረፊያ ሥራ በ2018 ዓ.ም. ተጀምሯል። ሲፈጸም አራት ማኰብኰቢያዎች እንዲኖሩትና በዓመት እስከ 110 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ ታቅዷል። ያን ጊዜ ቦሌ የዋና ከተማችን ሁለተኛ ማረፊያ ይሆናል ማለት ነው። ሰው ሁሉ የሚነጋገረው ስለ አዲሱ ነው፤ ስለ አሮጌው ዕጣ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

አዲስ አበባ እንዲህ ያለውን ነገር ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ አይታዋለች። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በረራ ሲጀምር ማረፊያው የልደታ ሜዳ ነበር። በኋላ የቦይንግ 720 ጄቶችን ለመግዛት በታሰበ ጊዜ ያ ሜዳ የማይበቃቸው ሆኖ ስለ ተገኘ ቦሌ ተሠራ፤ ጄቶቹም በ1955 ዓ.ም. ገቡ። ዛሬ ለመንገደኛ ከልደታው ማረፊያ የቀረለት ነገር ቢኖር «ኦልድ ኤርፖርት» የሚለው የሰፈሩ ስም ብቻ ነው። እንግዲህ ቦሌንም የሚጠብቀው ይኸው ይሆን? መልሱን ለመፈለግ በዚህ መንገድ ከእኛ ቀድማ የሄደችውን የፈረንሳይን ዋና ከተማ፥ ፓሪስን እንመልከት። የፓሪሱን ዘመን የምጽፈው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው።

የፓሪስ የቀድሞው ታላቅ ማረፊያ በሰሜን በኩል ያለው ለ ቡርዤ ነበር። አሜሪካዊው ሊንድበርግ በ1927 ብቻውን ውቅያኖሱን ተሻግሮ ያረፈው በዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ከከተማዪቱ መካከል በስተደቡብ 13 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ኦርሊ እያደገ ሄደ፤ አዲሱንም ሕንፃ ፕሬዚዳንት ደጎል በ1961 መርቀው ከፈቱት። ሰባተኛው ብሔራዊ አውራ ጐዳና በሕንፃው ሥር ያልፋል። በዚያ ዘመን የፓሪስ ሰው እሑድ እሑድ ልጆቹን ይዞ ወደ ሕንፃው ሰገነት እየወጣ አይሮፕላን ሲነሣና ሲያርፍ ይመለከት ነበር፤ እኛ ቃሊቲ ወይም ቡልቡላ ቆመን እንደምናየው ዓይነት ነው።

በ1974 ከከተማዪቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሰሜን ምሥራቅ በኩል የቻርልስ ደጎል ማረፊያ ተከፈተ፤ ኦርሊም ሁለተኛ ሆነ። ለ ቡርዤ የመንገደኛ በረራው ቀርቶበት ዛሬ ለግል አይሮፕላኖችና ለታላቁ የአይሮፕላን ትርዒት የሚያገለግል ቦታ ነው፤ ዕጣው ከልደታ ጋር ይመሳሰላል። ኦርሊ ግን አልሞተም። በ2024 ቻርልስ ደጎል 70 ሚሊዮን ያህል መንገደኛ ሲያስተናግድ ኦርሊ 33 ሚሊዮን ያህል አስተናግዷል። ይህም የሆነው ከሌሊቱ 5 ሰዓት ተኩል እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ ለጐረቤቶቹ እንቅልፍ ሲባል ከ1968 ጀምሮ ተዘግቶ እያደረ ነው። (አይሮፕላን ከክፍላችን በላይ ባለፈ ቍጥር መምህራችን ንግግራቸውን አቋርጠው ጠመኔውን ይዘው መጠበቃቸውን የሚያስታውስ ተማሪ የኦርሊ ጐረቤቶች ለምን እንደ ጮኹ ይገባዋል።)

ኦርሊን ያቆየው ቅርበቱ ነው። ይሁን እንጂ በካርታ ላይ ቅርብ የሆነ ቦታ ሁሉ ለመንገደኛው ቅርብ አይደለም፤ በዚህ ነገር ፓሪሶች ለብዙ ዓመታት ተቸግረዋል። አውቶቡሱ ከዳንፌር ሮሽሮ አደባባይ እየተነሣ ከመኪናው ሁሉ ጋር ይሰለፍ ነበር። በምድር ባቡር የመጣውም ሰው ፖን ደ ሩንዢስ ከሚባለው ጣቢያ ወርዶ እንደገና አውቶቡስ መሳፈር ነበረበት። በ1991 «ኦርሊቫል» የሚባል ሾፌር የሌለው ትንሽ ባቡር ተሠራ፤ ይህም ማረፊያውን ከአንቶኒ ጣቢያ ጋር ያገናኛል። ባቡሩ ጥሩ ነበር፤ የተሳፈረው ሰው ግን ከተገመተው በጣም ያነሰ ሆነ። ዋጋው ውድ ነበር፤ በዚያ ላይ አንቶኒ ላይ ሻንጣን እየጐተቱ ባቡር መለወጥ ግድ ነው። የሠራው ኩባንያ ኪሣራውን ስላልቻለው አገልግሎቱን የከተማው የመጓጓዣ ድርጅት ተረከበው። በ2013 ደግሞ ትራም መጣ፤ ዋጋው ርካሽ ሲሆን፥ ቀርፋፋ ነው፤ ፓሪስም ሳይገባ ዳር ላይ ይቆማል።

በመጨረሻ በሰኔ 2024፥ የኦሊምፒክ ጨዋታ ሊከፈት አንድ ወር ያህል ሲቀረው፥ 14ኛው የምድር ውስጥ ባቡር መሥመር ኦርሊ ደረሰ። አሁን ከፓሪስ እምብርት፥ ከሻትሌ፥ ባቡር ሳይለውጡ 25 ደቂቃ ገደማ ነው። እንግዲህ ኦርሊ ሁለተኛ ከሆነ በኋላ ይህን ለማግኘት 50 ዓመት ጠብቋል። በ2025 ለማረፊያው የሚከፈለው ትኬት 13 ዩሮ ሲሆን ተራው የከተማ ትኬት ግን 2 ዩሮ ከ50 ሳንቲም ነበር፤ ይህ ልዩነት በዛ ብዬ አስባለሁ። ሆኖም በማረፊያው የሚሠሩት ሰዎች በወር መታወቂያቸው ተጨማሪ ሳይከፍሉ መመላለሳቸው ደግ ነገር ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። በቦሌ ከሚያልፈው መንገደኛ ብዙው ከአንድ አይሮፕላን ወርዶ ሌላ አይሮፕላን የሚሳፈር ነው፤ ከሌጎስ መጥቶ ወደ ጓንግዡ የሚሄደው ነጋዴ የአዲስ አበባን መንገድ አያይም። ለእንዲህ ያለው ሰው ማረፊያው ቢሾፍቱ ቢሆን ምንም አይጐዳውም። በቦሌ እንደሚቀር የተነገረው ግን የአገር ውስጥ በረራ ነው። ከባሕር ዳር ወይም ከጅማ የሚመጣው ሰው ጉዳዩ ሆስፒታል ወይም መርካቶ ወይም ዘመድ ቤት ነው፤ በረራውም አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ መንገዱ አንድ ሰዓት ተኩል ከወሰደበት የአይሮፕላኑ ጥቅም ግማሹ ጠፋ። አሥራ አምስት ሰዓት ወደ ዋሽንግተን የሚበርረው ያንን ያህል አያማርርም። ስለዚህ ጥሩ መንገድ ከትልቁ ማረፊያ ይልቅ ለሁለተኛው የበለጠ ያስፈልገዋል ማለት ነው፤ ገንዘቡ ግን ሁልጊዜ ወደ ትልቁ ማዘንበሉ አይቀርም።

ቦሌንና ቢሾፍቱን ፈጣን ባቡር እንዲያገናኛቸው ታስቧል። ይህ በጣም መልካም ነው፤ ከጅማ ተነሥቶ ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አለበትና። በፓሪስ እንኳ ሁለቱን ማረፊያዎች በቀጥታ የሚያገናኝ ባቡር እስካሁን የለም፤ ከአንዱ ወርደው ሌላውን ይሳፈራሉ። ነገር ግን ያ ባቡር ቦሌ ደርሶ ቢቆም እኔ እንደ ኦርሊቫል እቈጥረዋለሁ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡራችን በመገናኛና በመስቀል አደባባይ ያልፋል እንጂ ወደ ቦሌ ማረፊያ አይገባም። የቀረው ርቀት ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ ሻንጣ ለያዘ በሽተኛ ግን ጥቂት አይባልም።

የባቡር ዋና ጥቅሙ ፍጥነቱ ብቻ አይመስለኝም፤ መቼ እንደሚደርሱ ማወቁም ነው። አክስቴ ሕክምናቸውን ጨርሰው ሲመለሱ በረራቸው ከጧቱ 4 ሰዓት ነበር። የዚያን ዓርብ መንገድ አስታውሰን ስለ ፈራን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ከቤት ወጣን። መንገዱ ባዶ ነበር፤ በ20 ደቂቃ ደረስን። አክስቴም ሻንጣቸውን አጠገባቸው አድርገው አራት ሰዓት ተኩል ያህል ተቀመጡ።