ለሰፊ የሚሆን ካውያ

ደንበኛ ሱቄ ሲገባ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው የስፌት መኪናዬ ላይ ነው። ዕድሜውን የሚጠይቅ አለ፤ ሲንጀር መሆኑን አይቶ የእናቱን መኪና የሚያነሳ አለ። ጥግ ላይ ያለውን ካውያ ልብ የሚልልኝ የለም። ኮሌታው ቀጥ ብሎ፣ ኪሱ ተኝቶ፣ ሽንሽኑ እኩል ወርዶ «ይሄማ የፋብሪካ ይመስላል» ያሰኘው ግን እሱ ነው። መካከለኛ መኪና ያላት ሰፊ በጥሩ ካውያ ደህና ልብስ ታወጣለች። በመጥፎ ካውያ ግን ምርጥ መኪናም አያድናትም። በዚህ ነገር ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ብዙ ተከራክረናል፤ እስካሁን ያሳመነኝ የለም።

ስፌት የሚማሩ ልጆች «የትኛውን እንግዛ?» ሲሉኝ መጀመሪያ የምነግራቸው የቤት ካውያና የሰፊ ካውያ ሥራቸው የተለያየ መሆኑን ነው። ቤት ውስጥ የታጠበ ልብስ ይቃናበታል፣ ከዚያ ቀዝቅዞ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣል። የሰፊው ጠዋት ተሰክቶ ማታ ነው የሚነቀለው። እያንዳንዱ ስፌት ከመኪናው እንደወጣ በሥሩ ያልፋል። መጀመሪያ ሁለቱ ጨርቆች እንደተደራረቡ ስፌቱ ይተኮሳል፤ ክሩ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ቀጥሎ ስፌቱ ተከፍቶ በውስጥ በኩል፣ በመጨረሻ በፊት በኩል ይተኮሳል። ታዲያ ካውያው ወዲያ ወዲህ አይነዳም። ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ይጫናል፣ ይነሳል። ያስተማሩኝ ሽማግሌ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ካውያ የሚጎትት ተማሪ ካዩ ከእጁ ነጥቀው ቁልፍ መትከል ላይ ያስቀምጡት ነበር። እውነታቸውን ነው። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ሲጎተት ይለጠጣል፤ የተለጠጠ አንገት ደግሞ ወደ ልኩ አይመለስም።

ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥሞ የአልጋ ልብስ የሚሰራ ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። እኔም ክረምት ላይ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከቀሚስ የተረፈውን እገጥማለሁ። በዚህ ሥራ ለስፌት የሚተወው ጠርዝ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ስፌቱ በደንብ ሳይተኛ ቀርቶ በየመጋጠሚያው 1 ሚሊ ሜትር ጨርቅ ቢበላ፣ 12 መጋጠሚያ ያለው ረድፍ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ ያጥራል፤ ከጎኑ ያለው ረድፍም አልገጥምም ይላል። ሰው ያኔ መኪናውን ይረግማል። የአልጋ ልብሱ ውስጥ ፋይበር ከገባ በኋላ ግን ካውያ አታስጠጉት። አብዛኛው ፋይበር ፖሊስተር ስለሆነ በሙቀት ይጠፈጠፋል፣ ሙሌቱም ይጠፋል።

ካውያ ስመርጥ መጀመሪያ የማየው ጫፉን ነው። በዚህ ነገር ቀድሞኝ ያሰበበት ሰው አለ። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ካውያ የፈጠራ መብት በፈረንጆች አቆጣጠር በ1882 ኒው ዮርክ ውስጥ ለሄንሪ ሲሊ ተሰጥቷል። የእኔ ሰው ግን ከእሱ 20 ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣው ኧርል ሪቻርድሰን ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኦንታሪዮ በምትባል ከተማ የመብራት ኩባንያ ሠራተኛ ነበር። በራሱ እጅ የሠራቸውን ካውያዎች ለደንበኞች ለሙከራ አደለ። ጣቢያው ኃይል የሚያመነጨው ሌሊት ስለነበር ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ሴቶቹ ልብስ በሚተኩሱበት ቀን፣ ቀንም እንዲሠራ አለቆቹን አሳመነ። ሴቶቹ ሞክረው ያመጡት አቤቱታ መሃሉ እጅግ ይፋጃል፣ ጫፉ ግን አይሞቅም የሚል ነበር። ቁልፍ ዙሪያና ሽንሽን ውስጥ የሚገባው ደግሞ ጫፉ ነው። ሰውየው ሙቀቱን ወደ ጫፉ አምጥቶ ሠራላቸው፤ ሆትፖይንት ብሎም ለገበያ አወጣው። ዛሬም ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ጫፉ የማይሞቅ፣ ወይም እንደ ማንኪያ የደፈጠጠ አፍንጫ ያለው ካውያ ይሸጣል። ይህ ለአንሶላ ይሆናል፤ ኮሌታ ጥግ ውስጥ ግን አይገባም።

ቀጥሎ ካውያውን ገልብጣችሁ ሆዱን እዩ። የእንፋሎት ካውያ ሆዱ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፣ ቀዳዳው ደግሞ ጨርቁን አይነካም። ኮሌታና እጅጌ የሚያጠነክረውን፣ ሙጫ ያለበትን ጨርቅ ስትለጥፉ ቀዳዳው ያረፈበት ቦታ ሙጫው በቅጡ ሳይቀልጥ ይቀራል። ልብሱ ሲሸጥ አይታወቅም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ግን ኮሌታው አረፋ ያወጣል። ቀዳዳ ያለው ካውያ ብቻ ካላችሁ ቦታ እየቀየራችሁ፣ የመጀመሪያውን አሻራ በሁለተኛው እየሸፈናችሁ ተጫኑ። እኔ ግን ለስፌት ሆዱ ልሙጥ የሆነውን፣ እንፋሎት የሌለውን እመርጣለሁ። እንፋሎት ሲያስፈልገኝ እርጥብ ነጭ ጨርቅ አነጥፋለሁ። ጋሼ በአፋቸው ውሃ ጎንጭተው ጨርቁ ላይ እፍ ይሉት ነበር፤ ጠብታው እንደ እሳቸው እኩል የሚወርድ ርጭት ከየትኛውም የፕላስቲክ ጠርሙስ አላገኘሁም፣ ግን ደንበኛ ፊት አይሆንም።

እንዳይጣበቅ ተብሎ በቴፍሎን የተቀባው ሆድ ሲገዛ ያምራል። ሰፊ ቤት ዚፕና የብረት ቁልፍ ስለማይጠፋ ቅቡ ቶሎ ይጫጫራል፤ የተጫጫረው ቦታ ደግሞ ስስ ጨርቅ ይስባል። ስቴንለሱ ይሻለኛል።

ክብደት ላይ ሰው ይሳሳታል። ቀላል ካውያ ለእጅ ይመቻል ይባላል፣ ነገር ግን ቀላሉን ራሳችሁ በትከሻችሁ ትጫኑታላችሁ። ከባዱ በራሱ ክብደት ስለሚጫን እናንተ ማንሳት ብቻ ነው። የከሰል ካውያ ከዘመኑ ካውያ ይበልጥ ሱፍ የሚያስተኛው በዚህ ምክንያት ነው። መብራት ሲሄድ እስከ ዛሬ የሚያወጡት ሰፊዎች አሉ። አመዱ ነጭ ልብስ ላይ መውረዱ ሳያንስ የከሰሉ ጋዝ ይገድላል፤ በር ዘግቶ የሚተኮስበት ነገር አይደለም።

የካውያ ልብ ቴርሞስታቱ ነው። ውስጡ ሲሞቁ እኩል የማይለጠጡ ሁለት ብረቶች ተጣብቀው አሉ። ሙቀቱ ሲጨምር ወደ አንድ ወገን ይጎብጡና መስመሩን ይቆርጣሉ፣ ሲቀዘቅዙ ተመልሰው ያገናኛሉ። ቀጭ የሚለው ድምፅ ይኸው ነው። ርካሹ ካውያ በጣም ቀዝቅዞ ነው የሚገናኘው፣ በጣም ግሎ ነው የሚቆርጠው፤ ሐር መሰል ጨርቅ የሚቃጠለውም በዚያ መካከል ነው። ልብስ ላይ ካለው የካውያ ምልክት አንድ ነጥብ እስከ 110 ዲግሪ ያህል፣ ሁለት ነጥብ 150፣ ሦስት ነጥብ 200 ማለት ነው። ጥጥና ተልባ ሦስቱን ይችላሉ፣ ፖሊስተር አይችልም። ሱቅ ውስጥ ይሰካልኝ በሉ። የሚከለክል ነጋዴ ካለ ወደሚቀጥለው ሂዱ። ነጭ የጥጥ ቁራጭ ይዛችሁ ግቡና ሦስት ነጥብ ላይ ሲደርስ ተጫኑት፤ ቁራጩ ቢጫ ካለ ካውያው ከሚለው በላይ ይሞቃል። ጫፉም መሃሉም እኩል ማቃናቱን በዚያው ታያላችሁ።

አሁን ስለ ስጦታ ካውያ ልናገር፣ ምክንያቱም ከውጭ ዘመድ የሚልከው ብዙ ነው። ከአሜሪካ የመጣ ካውያ የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ መስመር 220 ነው። 1,200 ዋት የተጻፈበትን ቀጥታ ብትሰኩት ከ4,000 ዋት በላይ ይስብና በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመር አለ፣ ግን ለዚህ ኃይል የሚበቃው ከካውያው ይልቅ ይከብዳል፣ ይወደዳልም። ዱባይ የተገዛው ቮልቱ ስለሚስማማ ይሠራል፤ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ስፒናው ብቻ ነው የሚያስቸግረው። ታዲያ በየሱቁ የሚሸጠውን ልል መቀየሪያ አትጠቀሙ፤ ስፒናውን በባለሙያ ቁረጡና ቀይሩት።

ዋቱም ቢሆን ሲበዛ ጥሩ አይደለም። 2,400 ዋት የሚል የእንፋሎት ካውያ በ220 ቮልት 11 አምፒር ያህል ይወስዳል። በቀጭን ኤክስቴንሽን፣ ያውም የስፌት መኪናና ኦቨርሎክ በተሰኩበት ማከፋፈያ ላይ፣ ገመዱ ይግላል፣ ብሬከሩ ይወርዳል። 1,000 ወይም 1,200 ዋት ያለው ደረቅ ካውያ ከዚያ ግማሹን ወስዶ የሰፊ ሥራ ይሠራል። ካውያ ምንጊዜም ግድግዳ ላይ ባለ ሶኬት ይሰካ።

እንፋሎት የግድ ከሆነ ውሃውን አስቡበት። የጉድጓድ ውሃ ማዕድኑ ሲበዛ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የምናየው ነጭ ቅርፊት ካውያው ውስጥም ይጋገራል፤ አንድ ቀን ካውያው ነጩን ከነጭቃው ሙሽራ ቀሚስ ላይ ይተፋል። ውሃውን አፍልቶ፣ አስክኖና አጥልሎ መጠቀም ብዙ ይረዳል። ሥራ የሚበዛበት ቤት ደግሞ ውሃው ከላይ ከተንጠለጠለ ጠርሙስ በቱቦ የሚወርድለትን፣ የልብስ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበትን ዓይነት ቢገዛ አይቆጭም።

ካልነኩት በራሱ የሚጠፋ ካውያም አለ። ቆሞ ሲረሳ ከ8 ደቂቃ በኋላ፣ ተኝቶ ከሆነ በ30 ሰከንድ የሚዘጋው የተለመደ ነው። ልጅ ላለበት ቤት እሰዬው። ሰፊ ግን አንድ እጅጌ ሰፍታ እስክትመለስ ይቀዘቅዝባታል፤ ቀኑን ሙሉ ስትጠብቀው ትውላለች። እኔ የማይጠፋውን እይዝና ከሱቅ ስወጣ ነቅዬ ስፒናውን ጠረጴዛ ላይ፣ ለዓይን በሚታይ ቦታ አስቀምጣለሁ።

የሀገር ልብስ የሚሰፉ ይህንን ያውቁታል፣ ጀማሪ ግን ይስማ። መነኑ ጥጥ ስለሆነ ሙቀት ይችላል። ጥለቱ ላይ የሚያብለጨልጨው ክር ግን ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው፤ ትኩስ ካውያ ሲነካው ይኮማተራል፣ ብልጭታውም ይሞታል። ጥለቱን ገልብጡ፣ ከላይ ጨርቅ አንጥፉ፣ ሙቀቱን ዝቅ አድርጉ።

ካውያ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ገመዱ ከእጀታው በሚወጣበት አንገት ላይ ነው፤ ሲታጠፍ ውሎ ውስጡ ይበጠሳል። ስትገዙ አንገቱ የሚሽከረከር መሆኑን፣ ገመዱም በጨርቅ የተሸፈነ መሆኑን እዩ። ይህ ጥገናው ቀላል ነው። ከመጠን በላይ ሲግል የሚቆርጠው ፊውዝ ሲቃጠል ግን አንዳንድ ጠጋኝ ቀጥታ በሽቦ ያገናኘዋል። ካውያው ይሠራል፤ ቴርሞስታቱ በተጣበቀ ቀን የሚያቆመው ነገር ስለሌለ ግን ቤት ያቃጥላል። ፊውዙ በዓይነቱ ተተካ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ አሳዩኝም በሉ። ኤለመንቱ ከሆዱ ብረት ጋር አብሮ የተቀለጠ ከሆነና እሱ ከተቃጠለ አይጠገንም። በሚካ ላይ የተጠመጠመ ሬዚስታንስ ያላቸው የድሮዎቹ ከባድ ካውያዎች ግን ይፈታሉ፣ ይቀየርላቸዋል። እንዲህ ያለ ልሙጥ ሆድ ያለው አሮጌ ካውያ መርካቶ ሁለተኛ እጅ ካገኛችሁ፣ ገመዱን አስቀይሩና ውሰዱት።